አሮጌ የሸራ ጀልባ እንዴት ይገዛል፣ እንዴትስ ይያዛል?

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የምንኖር ሐበሾች ቼሳፒክ ቤይ የሚባለውን ትልቅ የባሕር ወሽመጥ የምናውቀው በአብዛኛው ከድልድዩ ላይ ሆነን ነው። ወደ ኦሽን ሲቲ ስንነዳ ልጆች ከኋላ ወንበር ሆነው ውሃው ላይ ያሉትን ነጫጭ ሸራዎች ይቆጥራሉ። እኛ "የሀብታም ጨዋታ ነው" ብለን እናልፋለን። እኔም ለዓመታት እንደዚያ ነበር የማስበው። አንድ ቀን የሥራ ባልደረባዬ ጀልባውን አሳየኝ። የተሠራችው በ1970ዎቹ ነው። የገዛባት ዋጋ እኔ ከምነዳት ያገለገለች ቶዮታ ያንሳል።

ዛሬ እኔም አንድ አለችኝ። በ1976 የተሠራች፣ 27 ጫማ ርዝመት ያላት (8 ሜትር ገደማ) ካታሊና 27 ናት። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) ጓደኞቼ "እኛም እንችላለን?" ይሉኛል። ይቻላል። ግን ሥራው ቅደም ተከተል አለው። እሱን የሳተ ሰው ገንዘቡን ጨርሶ አንድ ቀን እንኳ ሸራ ሳይዘረጋ ይቀራል። እኛ ማሪና (የጀልባ ማቆሚያ ወደብ) ውስጥ እንደዚያ የቀሩ ጀልባዎችን በዓይኔ አይቻለሁ።

1. ባለፈው ሰመር ሸራ የዘረጋች ጀልባ ግዙ

የሃምሳ ዓመት ጀልባ ሲባል ሰው ይደነግጣል። አካሏ ግን ፋይበርግላስ ነው። ፋይበርግላስ እንደ እንጨት አይበሰብስም፣ እንደ ብረት አይዝግም። በዚያ ዘመን የተሠሩ ብዙ ጀልባዎች ደግሞ ግድግዳቸው ወፍራም ነው። የሚያረጀው አካሉ ላይ የተገጠመው ነገር ነው፤ ሽቦው፣ ቱቦው፣ ብሎኑ፣ ኤሌክትሪኩ፣ ሸራው። ይህ ሁሉ ይቀየራል።

በብዛት የተሠራ ሞዴል ምረጡ። ካታሊና 27 ከ1971 እስከ 1991 ድረስ ከ6,600 በላይ ተሠርታለች። መለዋወጫዋ አይጠፋም። እናንተን የገጠማችሁ ችግር ቀድሞ የገጠመው ሰውም አይጠፋም። ከበድ ያለች፣ ማዕበል ላይ ረጋ የምትል ከፈለጋችሁ አልበርግ 30ን እዩ። የነደፋት ስዊድን የተወለደው ካርል አልበርግ ነው። ካናዳ ኦንታሪዮ ውስጥ ከ1962 እስከ 1987 ተሠርታለች። ቼሳፒክ ላይ ዛሬም በደንብ ትታያለች።

በነጻ የምትሰጥ ጀልባ ስታገኙ ደግሞ እምቢ በሉ። ለዓመታት ማንም ያልነካት ጀልባ ሁሉም ነገሯ በአንድ ጊዜ ይፈልጋችኋል። በጥቂት ሺህ ዶላር የምትሸጥ፣ ባለቤቷ ባለፈው ሰመር ሲነዳት የነበረችው ትሻላለች። ገዝታችሁ በሳምንቱ ትወጣላችሁ፤ እየነዳችሁ ትጠግናላችሁ። ሰው ጥገናው ላይ ጉልበት የሚያገኘው የሸራውን ጣዕም ካወቀ በኋላ ነው።

2. ከመግዛታችሁ በፊት አንኳኩ

ገበያ ላይ ጀበና ስንገዛ አንኳኩተን ድምፁን እንሰማ የለ? ጀልባም እንደዚያ ናት። ዴኩ፣ ማለትም ከላይ የምንራመድበት ወለል፣ ሳንዱች ነው። ከላይና ከታች ፋይበርግላስ፣ መሀሉ ባልሳ የሚባል ቀላል እንጨት ወይም ኮምፔንሳቶ አለው። ይህ የመሀል እንጨት ውሃ ከገባበት ይበሰብሳል። ከላይ ሲያዩት ግን ምንም አይመስልም።

የካቻቢቴ የፕላስቲክ እጀታ ይዛችሁ ዴኩን በየስንዝሩ ምቱ። ጤነኛው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የበሰበሰው ይደነዝዛል። በተለይ ምሰሶው የቆመበትን ዙሪያ፣ ገመድ የሚታሰርባቸውን ብረቶችና የዳር መያዣ ዘንጎቹን ሥር ፈትሹ። በእግራችሁም ርገጡት። እንደ ስፖንጅ ዝቅ የሚል ቦታ ካለ ዋጋው ይቀነስ፤ ሰፊ ከሆነ ተዉት።

ቀጥሎ ውስጥ ግቡና ትራሶቹን ሁሉ አንሱ። ወደ ታች የወረደ ቡናማ መስመር ካያችሁ ከላዩ ያለው ብሎን ያፈሳል ማለት ነው። ከዚያ ወደ ሆዷ ውረዱ። ቢልጅ የሚባለው ይህ ዝቅተኛ ቦታ ስለ ባለቤቱ ብዙ ይናገራል። ደረቅና ንጹሕ ከሆነ ደስ ይበላችሁ።

ኪሉን፣ ከሥር ያለውን ከባድ ክንፍ፣ ጀልባዋ ከውሃ ወጥታ እዩት። የድሮ ካታሊናዎች ላይ ኪሉና አካሉ የሚገናኙበት ቦታ ፊት ለፊት ላይ ስንጥቅ ይወጣል። ባለቤቶቹ "የካታሊና ፈገግታ" ይሉታል። ትንሽ ከሆነ የታወቀ ጥገና አለው። ዝገት እያነባ የሚወርድ ከሆነ ግን የኪሉ ብሎኖች በባለሙያ መታየት አለባቸው።

ይህን ሁሉ ካለፈች ሰርቬየር፣ ማለትም ጀልባ የሚፈትሽ ባለሙያ፣ ቅጠሩ። ዋጋው ብዙ ጊዜ ለእያንዳንዱ ጫማ የጀልባዋ ርዝመት ከ20 እስከ 30 ዶላር አካባቢ ነው። ለአሮጌ ጀልባ ብዙ የኢንሹራንስ ድርጅቶች ሪፖርቱን ይጠይቃሉ። እሱ ሲፈትሽ አጠገቡ ቁሙና ጠይቁ። በሁለት ሰዓት ውስጥ የምትማሩትን ሌላ ቦታ አታገኙትም።

ወረቀቱ ከባድ አይደለም። ሜሪላንድ በግዢው ላይ 5 በመቶ ግብር ትወስዳለች። ከጁላይ 1 ቀን 1972 ወዲህ የተወለደ ሰው ሞተር ያለው የተመዘገበ ጀልባ ለመንዳት የጀልባ ደህንነት ትምህርት ሰርተፊኬት ያስፈልገዋል። ትምህርቱን ሕግ ባያስገድዳችሁም ውሰዱት። ለበጀታችሁ ደግሞ የግዢውን ዋጋ ብቻ አትቁጠሩ። የማሪና ማቆሚያ የዓመት ኪራይ ርካሽ ጀልባ የተገዛችበትን ዋጋ ሊያክል ይችላል።

3. መጀመሪያ ውሃው አይግባ

እዚህ ላይ ነው የመጀመሪያ ዓመት ስህተቴን የምነግራችሁ። ጀልባዋን እንደገዛሁ የጀመርኩት ከትራስ ልብስና ከቫርኒሽ ነው። ቤተሰብ ይመጣል፣ ታምራ ትታይ አልኩ። በሐምሌ አንድ ቀን ከማጠቢያው ሥር ያለውን ቫልቭ ልዘጋ ስል እጀታው ተሰብሮ እጄ ላይ ቀረ። ከዚያ ቫልቭ ማዶ ያለው ቤዩ ነው። ቱቦው በደህና ባይያዝ ኖሮ አዲሱ ትራስ ይዋኝ ነበር። ያን ቀን የሥራ ዝርዝሬን ቀድጄ እንደገና ጻፍኩ። መጀመሪያ ጀልባዋን ተንሳፋ የሚያቆያት፣ ቀጥሎ ምሰሶውን የሚያቆመው፣ ከዚያ ሞተርና ኤሌክትሪክ፣ መጨረሻ ላይ ውበት።

የድሮ ካታሊናዎች ከውሃ በታች ባሉት ቀዳዳዎች ላይ ለቤት የሚሆን ዓይነት የነሐስ ጌት ቫልቭ ነበራቸው። ጨዋማ ውሃ ከነሐሱ ውስጥ ዚንኩን ቀስ እያለ ይበላዋል። የቀረው ብረት ሮዝ ይሆንና እንደ ብስኩት ይሰበራል። ቫልቩ ክፍት ይሁን ዝግ እንኳ በዓይን አይለይም። እንደዚህ ዓይነት ካያችሁ በሚቀጥለው ጊዜ ከውሃ ስትወጣ ሁሉንም በእውነተኛ ሲኮክ ቀይሩ፤ ለባሕር በተሠራ፣ እጀታው ሩብ ዙር ብቻ በሚዞረው።

ቀዳዳውን አትናቁት። አንድ ተኩል ኢንች ስፋት ያለው፣ ከውሃው ወለል ሁለት ጫማ ዝቅ ያለ ቀዳዳ በደቂቃ ከ100 ሊትር በላይ ያስገባል። የቤት ውሃ የምናጠራቅምበት ባለ 200 ሊትር በርሜል በሁለት ደቂቃ ይሞላል ማለት ነው። ስለዚህ በየሲኮኩ እነዚህ ይኑሩ፦

- ቱቦውን የሚይዙ ሁለት የማይዝጉ የቱቦ ማሰሪያዎች።
- በክር የታሰረ፣ ጫፉ የሾለ የእንጨት ውታፍ። ቫልቩ ከተሰበረ በመዶሻ ይመታበታል።
- በየወሩ አንዴ መክፈትና መዝጋት። ካልተንቀሳቀሰ ይጣበቃል።

የቢልጅ ፓምፑ በራሱ የሚነሳ ይሁን። ገመዱ ዋናው ማብሪያ ቢጠፋም እንዲሠራ በፊውዝ በኩል በቀጥታ ከባትሪው ይምጣ። በተጨማሪ በእጅ የሚሠራ ፓምፕ ያስፈልጋል፤ ባትሪ ያልቃል፣ ክንድ ግን አለ።

4. የሚያፈስ ብሎን በትክክል መትከል

አሮጌ ጀልባን የሚገድላት ከታች ከሚገባው ይልቅ ከላይ የሚንጠባጠበው ነው። ዝናብና ጤዛ በብሎኑ ቀዳዳ ገብተው የዴኩን የመሀል እንጨት ያጠጡታል። ጣና ላይ ባለታንኳዎቹ ደንገሉ ውሃ ሲጠጣና ታንኳው ሲከብድ አውጥተው ፀሐይ ላይ ያደርቁታል። የእኛ ዴክ ግን በሁለት በኩል የታሸገ ስለሆነ የገባው ውሃ መውጫ የለውም። ስለዚህ ውሃውን የሚያስገባውን ቦታ በዘዴ መዝጋት አለብን። ብዙ ሰው ከላይ ሲሊኮን ይቀባና ያልፋል። ይህ ለአንድ ወር እንኳ አይረባም። ትክክለኛው እንዲህ ነው።

ብሎኑን ፍቱና ብረቱን አንሱ። አሮጌውን ማጣበቂያ ሙሉ በሙሉ ጠርጉ። ቀዳዳው ውስጥ ያለው እንጨት ደረቅ ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ። እርጥብ ከሆነ ከዝናብ ከልላችሁ ለሳምንታት አድርቁት። ይህን ሥራ ጀልባዋ መሸፈኛ ለብሳ በምትቀመጥበት የብርድ ወራት ማድረግ የምወደው ለዚህ ነው።

ከዚያ ምስማር በቀኝ ማዕዘን አጥፉና ትራፓኖ ላይ ግጠሙት። ቀዳዳው ውስጥ ሲሽከረከር በሁለቱ ፋይበርግላስ መሀል ያለውን እንጨት ዙሪያውን ጠርጎ ያወጣል። አሁን ከብሎኑ የሰፋ ጎድጓዳ ክፍተት አላችሁ። ከታች በቴፕ ድፈኑት። መጀመሪያ ቀጭን ኤፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚጠነክር ሙጫ) አፍስሱ፤ እንጨቱ ጠጥቶ ይጠነክራል። ቀጥሎ ለዚሁ የተሠራ ማወፈሪያ ዱቄት ተጨምሮበት የወፈረ ኤፖክሲ ሙሉበት። ሌሊቱን ይደር።

በማግስቱ የደረቀውን ኤፖክሲ መሀሉን በብሎኑ ልክ በሆነ ፑንታ ብሱት። አሁን ብሎኑ የሚያልፈው በኤፖክሲ ውስጥ ነው። ወደፊት እንኳ ቢያፈስ ውሃው እንጨቱን አያገኘውም። የቀዳዳውን አፍ ትንሽ እንደ ቁና አስፉት። ብሎኑ አንገት ላይ ቡቲል የሚባለውን ግራጫ የሚለጠጥ ቴፕ ጠምጥሙ። ከታች ሰፊ ሮንዴላ ወይም የብረት ሳህን አድርጉና ዳዶውን አጥብቁ። ስታጠብቁ የሚዞረው ዳዶው ይሁን፤ ብሎኑ ከዞረ ቴፑ ይጠመዘዝና ይላቀቃል። በአንድ ቀን አትጨርሱት። ጥቂት አጥብቁ፣ ቴፑ ይውጣ፣ በማግስቱ ድገሙት።

አንድ ምክር ልጨምር። 5200 የሚባለው ነጭ ማጣበቂያ በየጀልባ ዕቃ ሱቁ አለ። ጠንካራ ነው። ጠንካራነቱ ግን ለዘላለም ነው። ዴክ ላይ አንድ ቀን መፈታት ያለበትን ነገር በእሱ አትለጥፉ። ሲነሳ ፋይበርግላሱን ይዞ ይነሳል።

እኔ በየዓመቱ አምስት ስድስት ብረት እየመረጥኩ እንዲህ እተክላለሁ። ሁሉንም በአንድ የብርድ ወቅት ልጨርስ ያለ ሰው ሲጨርስ አላየሁም።

5. ምሰሶውን የያዙት ሽቦዎች

ምሰሶው የሚቆመው በማይዝግ ብረት ሽቦዎች ተወጥሮ ነው። "የማይዝግ" የሚለው ስም ያታልላል። ይህ ብረት ከአየር ተለይቶ እርጥብ ቦታ ሲታፈን ውስጥ ውስጡን ይሰነጠቃል። ስለዚህ ፍተሻው የሚያስፈልገው ሽቦው ጫፉ ላይ የሚገባበት ቱቦና ሽቦውን ከጀልባዋ አካል ጋር የሚያያይዘው ጠፍጣፋ ብረት ላይ ነው።

የሐኪም ቤት ጥጥ ያዙና ሽቦውን ከላይ ወደ ታች ዳብሱት። አንድ ክር እንኳ ከተበጠሰ ጥጡን ይይዘዋል። በባዶ እጃችሁ አትዳብሱ፤ ይቆርጣል። ጫፎቹን በማጉያ መነጽር እዩ። የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካለ ያ ሽቦ አልቆለታል። ብዙ ባለሙያዎች ከ10 እስከ 15 ዓመት ያለፈውን ሽቦ ሙሉውን ቀይሩ ይላሉ። የተቀየረበትን ዓመት ሻጩ ካላወቀ አርጅቷል ብላችሁ አስቡ። ውድ ነው፤ ግን ከምሰሶው መውደቅ ይረክሳል።

6. ሞተርና ኤሌክትሪክ

ከኋላ የሚንጠለጠል ሞተር ካላት ነገሩ ቀላል ነው፤ ሲበላሽ አውልቃችሁ ወደ ጋራዥ ትወስዱታላችሁ። አንዳንድ የድሮ ጀልባዎች ውስጥ ግን አቶሚክ 4 የሚባል የቤንዚን ሞተር አለ። ጥሩ ሞተር ነው፣ ይጠገናል። ነገር ግን የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ሆዷ ውስጥ ተኝቶ ብልጭታ ይጠብቃል። ከማስነሳታችሁ በፊት የአየር ማስወጫ ፋኑን አራት ደቂቃ አስሩጡ። ከዚያ በአፍንጫችሁ አሽትቱ። ቤንዚን ከሸተተ አታስነሱ።

ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ፓምፕ ውስጥ ያለችውን የጎማ ተሽከርካሪ በየዓመቱ ቀይሩ። ትንሽ ነገር ናት፤ ስትበጣጠስ ሞተሩን ይዛ ትሄዳለች።

ለኤሌክትሪክ የቤት ሽቦ አትጠቀሙ። ብዙ ቀጫጭን ክር ያለው፣ ቆርቆሮ የተቀባ የባሕር ሽቦ ግዙ። ከማሪናው መብራት የምታስገቡበትን ሶኬት በየወሩ ንቀሉና እዩት። የጠቆረ ወይም የቀለጠ ነገር ካለ ወዲያው ቀይሩ፤ ብዙ የጀልባ እሳት የሚነሳው ከዚያ ነው።

7. የዓመቱ ዑደት

ህዳር አካባቢ ብርዱ ከመግባቱ በፊት ሞተሩና የውሃ መስመሮቹ ውስጥ ሮዝ ቀለም ያለውን አንቲፍሪዝ አስገቡ። አረንጓዴው የመኪና አንቲፍሪዝ መርዝ ነው፤ አይሆንም። ሸራዎቹን አውርዱ፣ በለዘበ ሳሙናና በንጹሕ ውሃ እጠቡ፣ አድርቁ። ላውንደሪ ማሽን ውስጥ ፈጽሞ አታስገቡ። የስፌቱን ክር በጥፍራችሁ ቧጥጡት። ከተበጠሰ ሸራው ገና ጤነኛ ቢሆንም ስፌቱን ፀሐይ ጨርሶታል፤ ሸራ ሰፊ ጋ ውሰዱት።

መጋቢት ሲሆን የሥር ቀለም ትቀባላችሁ። ቀለሙ ውስጥ ያለው መዳብ ቀንድ አውጣ የሚመስሉት የባሕር ተለጣፊዎች እንዳይበቅሉ ያደርጋል። አሮጌውን በብርጭቆ ወረቀት ስትፍቁ ደህና ማስክ አድርጉ፣ ብናኙን የሚስብ ማሽን ተጠቀሙ። በዚያው ሥር ያለውን አኖድ እዩ። አኖድ ከሌላው ብረት ቀድሞ እንዲበላ ሆን ተብሎ የሚገጠም ቁራጭ ነው። ግማሹ ካለቀ ቀይሩት።

8. አሁን ውጡ

ነፋሱ ከ5 እስከ 10 ኖት (በሰዓት ከ9 እስከ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ) በሆነበት ቀን ጀምሩ። ቼሳፒክ ለጀማሪ ደግ ነው። ርዝመቱ 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም አማካይ ጥልቀቱ ከ6 ሜትር ብዙም አይበልጥም። ታቹ በብዛት ጭቃ ስለሆነ ኪሉ ቢነካ አብዛኛውን ጊዜ አይሰበርም፤ ይጣበቃል እንጂ። የሸርጣን ወጥመድ ተንሳፋፊዎችን ግን ነቅታችሁ ጠብቁ፤ ገመዳቸው ፕሮፔለር ላይ ይጠመጠማል። ሐምሌና ነሐሴ ከሰዓት በኋላ በምዕራብ በኩል ደመና ከጠቆረ ሸራ አውርዱና ተመለሱ። የዚህ አገር ነጎድጓድ ቀልድ አያውቅም። ሸራውን ለማሳነስ ባሰባችሁ ቅጽበት አሳንሱት። ሁሉም ሰው የሕይወት ጃኬት ይኑረው። የባሕር ሬዲዮው የአደጋ ጥሪ በሚሰማበት በ16ኛው ቻናል ላይ ይሁን። የት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱ ዳርቻ ላይ ለቀረ ሰው ንገሩ።

ከአናፖሊስ ወጥታችሁ ወደ ደቡብ ብትሄዱ ቶማስ ፖይንት የሚባለውን የመብራት ቤት ታገኛላችሁ። ከ1875 ጀምሮ ውሃው መሀል በብረት እግሮቹ ቆሟል። እናቴ ከጎንደር መጥታ ሳለች እዚያ ድረስ ወሰድኳት። መጀመሪያ ነጠላዋን ጥብቅ አድርጋ ተቀምጣ "ልጄ፣ ይኼ ነገር አይገለበጥም?" አለችኝ። ከሥራችን ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝን ኪል እንዳለ ነገርኳት። ሞተሩን አጠፋሁት። ሸራው ሞላ። የሚሰማው ውሃው ጎኗን ሲልሳት ብቻ ሆነ። እናቴ ለረጅም ጊዜ ምንም አላለችም። ከዚያ "ጸጥታው ደስ ይላል" አለች።

መልህቅ ስትጥሉ ገመዱን አትሰስቱ። የውሃውን ጥልቀትና ከውሃው እስከ ጀልባዋ አፍንጫ ያለውን ከፍታ ደምሩ፤ ለአዳር ሰባት እጥፉን ልቀቁ። ለምሳ ብቻ ከሆነ አምስት እጥፍ ይበቃል። ከዚያ ሞተሩን ወደ ኋላ ስባችሁ መያዙን አረጋግጡ፣ ዳርቻው ላይ ሁለት ዛፍ መርጣችሁ ቦታችሁን ምልክት አድርጉ።

ያን ጊዜ ቡና ይፈላል። ጀበና ጀልባ ላይ በደንብ ይሠራል፤ ማቶቱ ሥር እርጥብ ጨርቅ ካደረጋችሁለት አይንሸራተትም። ከሰል ግን ጓዳዋ ውስጥ በፍጹም አታቀጣጥሉ፤ ዕጣንም ቢሆን። በዚያች ጠባብ ቦታ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሳይሸት ሰው ይገድላል። የጀልባ ምድጃ ተጠቀሙ፣ መስኮቱን ክፈቱ፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ስቀሉ።

ወደ ማሪና ስትመለሱ እኔ በሩ ውስጥ በኩል የለጠፍኩትን አጭር ዝርዝር እናንተም ለጥፉ። ሲኮኮቹ ተዘግተዋል? ቢልጁ ደረቅ ነው? የፓምፑ ማንሻ በእጅ ሲነሳ ይሠራል? ገመዶቹ የሚነኩበት ቦታ እየተላጡ ነው? ምድጃው ጠፍቷል? አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሳትነዷት የምትቀር ሳምንት ብትኖር እንኳ ለዚህች አምስት ደቂቃ ብቅ በሉላት።